የመስመሩ አፍ፦ መርፌ አልባ ማያያዣዎችን ከጀርም ስለማጽዳት

በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት የቆዳንም የጨጓራንም ዘብ አልፎ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ፈጥኖ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ከምግብ ጋር የተዋጠ ባክቴሪያ የጨጓራ አሲድ ይጠብቀዋል፤ እጅ ላይ ያረፈውም ቆዳው ካልተሰነጠቀ መግቢያ የለውም። ደም ሥር ውስጥ በሚተከለው ቀጭን ቱቦ፣ በካኑላ፣ በኩል ያለፈው ግን በሰከንዶች ውስጥ ልብ ደርሶ በመላ ሰውነት ይሰራጫል።

ካኑላ ሲተከል ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። ቆዳው በአልኮል ይጠረጋል፣ ጓንት ይደረጋል። ይህ የሚሆነው ግን አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያው መስመር በየስድስት ወይም በየስምንት ሰዓቱ ለአንቲባዮቲክ ይከፈታል፤ በመሐል ለማስታገሻ፣ ለግሉኮስ፣ ለማጠቢያ ሳላይን ይከፈታል። በየስምንት ሰዓቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ ሳምንት ቢተኛ ለመድኃኒቱ ብቻ መስመሩ 21 ጊዜ ይነካል፤ በፊትና በኋላ የሚገባው ማጠቢያ ሲጨመር ቁጥሩ ከ60 ያልፋል። ጥንቃቄው ግን በአብዛኛው ከመጀመሪያው ቀን ጋር አብሮ ያልቃል።

መርፌ አልባ ማያያዣ፣ በሆስፒታል አጠራሩ ኮኔክተር፣ የጣት አንጓ የምታህል ግልጽ ፕላስቲክ ናት። በአንድ ጫፏ ከካኑላው ወይም ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ከሚገባው ማዕከላዊ ካቴተር ጋር ተጠምዝዛ ትታሰራለች፤ በሌላው ጫፏ ሲሪንጅ ወይም የግሉኮስ ቱቦ ይገጠምባታል። መሐል ላይ የሲሊኮን ክዳን አላት። በቀላሉ ዓይነት ክዳኑ የተሰነጠቀ ነው፤ የሲሪንጁ ጫፍ ሲጫነው ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲወጣ መልሶ ይገጥማል። በሌላው ዓይነት ውስጧ ስፕሪንግ ወይም የሚታጠፍ ሲሊኮን ያለው ቫልቭ አለ። በሁለቱም ዓይነት ክዳኑ ከፕላስቲኩ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ጸጉር የምታህል ክፍተት ትኖራለች። ጀርም የሚሸሸገው እዚያ ነው፤ የክዳኑን አናት ብቻ ዳበስ አድርጎ ያለፈ ጥጥም እዚያ አይደርስም።

እነዚህ ማያያዣዎች መጀመሪያ የታሰቡት ለበሽተኛው ሳይሆን ለባለሙያው ነበር። ኤችአይቪ ከታወቀ በኋላ በመርፌ መወጋት የነርስ፣ የሐኪምና የጽዳት ሠራተኛ ትልቁ የሥራ ላይ ስጋት ሆነ። ቀድሞ መድኃኒት ወደ መስመሩ የሚገባው የጎማ ክዳኑን በመርፌ በመውጋት ነበር፤ መርፌው ከወጣ ስጋቱም ይቀንሳል። መሣሪያው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተስፋፋ፤ አሜሪካ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ሠራተኛን ከመርፌ መወጋት የሚጠብቅ ሕግ ስታወጣ ደግሞ በየሆስፒታሏ ገባ። ባለሙያው ዳነ። ብዙም ሳይቆይ ግን አንዳንድ ሆስፒታሎች ማያያዣ በቀየሩ ማግስት የደም ኢንፌክሽን እንደጨመረባቸው ማሳወቅ ጀመሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2010 (እ.ኤ.አ.) አንዱን የቫልቭ ዓይነት የሚያመርቱ ድርጅቶች ምርታቸውን ገበያ ላይ ሳለ እንዲከታተሉና እንዲያጠኑ አዘዘ። ዕቃው ራሱን አያጸዳም፤ ክዳን ስላለው ብቻ ንጹሕ የሚመስለው ሰው ካለ ደግሞ ክዳን ከሌለው ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ባክቴሪያ ወደ መስመሩ የሚገባባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ከቆዳ ተነስቶ የካቴተሩን ውጫዊ ገጽ ይዞ ወደ ውስጥ መውረድ ነው፤ ይህ በተተከለ ሰሞን ይበረታል። ሁለተኛው በመስመሩ አፍ በኩል፣ በቱቦው ውስጥ ማለፍ ነው። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የሚያተኩሩት በመጀመሪያው ላይ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የባርሴሎና ሐኪሞች በደም ሥር ምግብ በሚሰጣቸው ሕሙማን ላይ የተነሳን ወረርሽኝ ሲመረምሩ የበሽታው መነሻ የካቴተሩ መጋጠሚያ እንደሆነ አሳዩ። ዛሬ እንደሚታወቀው መስመሩ በቆየ ቁጥር የሁለተኛው መንገድ ድርሻ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ጀርሞችም በሰው ቆዳ ላይ የሚኖሩት ስታፊሎኮከሶች፣ እንደ ክሌብሲየላ ያሉ በሆስፒታል እርጥበት የሚራቡ ባክቴሪያዎችና ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ናቸው።

ጀርሙ ፕላስቲኩ ላይ ካረፈ በኋላ ልቅ ሆኖ አይቀመጥም። ይጣበቃል፣ ይራባል፣ ከዚያም ራሱ በሚያመነጨው ሙጫ መሰል ነገር ይሸፈናል። ይህ ሽፋን ባዮፊልም ይባላል። ጠላ የተጠመቀበትን ጋን የምታጥብ ሴት የምታውቀው ነገር ነው፦ ከውስጥ የያዘው ሙልጭልጭ ውሃ ቢያለቀልቁት አይለቅም፤ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ነው የሚነሳው። የማያያዣው አፍም እንዲሁ ነው። አልኮል የሚያገኘውን ሕዋስ ይገድላል፤ በሽፋኑ ሥር ወዳለው የሚያደርሰው ግን ፍተጋው ነው።

ይህ በሙከራም ታይቷል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት ሆን ተብሎ በባክቴሪያ የተበከሉ 30 ማያያዣዎች እንደተለመደው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ በ70 በመቶ አልኮል ተጠረጉ፤ ከ30ዎቹ በ20ዎቹ ባክቴሪያው አልፎ ገባ። ብክለቱ በተራ ክፍል ከሚያጋጥመው የከበደ ነበር፤ ቢሆንም በጥድፊያ የሚደረግ ጠረጋ ምን ያህል እንደሚያታልል ለማየት ይበቃል። ስንት ሰከንድ በቂ ነው በሚለው ላይ ጥናቶች አንድ ቃል አይናገሩም፤ የደም ሥር ሕክምና ነርሶች መመሪያ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ይላል። ለማስተማር የሚሻለው 15 ነው። 15 የለመደ እጅ ቢቸኩል 8 ላይ ያቆማል፤ 5 የለመደ እጅ ሲቸኩል ግን ከምንም አይቆጠርም።

አሠራሩ ከእጅ ይጀምራል። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ካልቆሸሸ በአልኮል ይታሻል። ጓንት ይህንን አይተካም፤ የአልጋ ብረት ነክቶ የመጣ ጓንት እንደ ባዶ እጅ ነው። ከዚያ ሲሪንጁ፣ መድኃኒቱና ማጠቢያው ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ፤ አፉን አጽድቶ ሲሪንጅ ፍለጋ መሄድ ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። አሁን ማያያዣው በአንድ እጅ ሁለት ጣት ተይዞ ከልብስና ከአንሶላ ከፍ ይላል። አዲስ የአልኮል ስዋብ አናቱ ላይ ተጭኖ ወዲያና ወዲህ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ ዙሪያውን፣ ሲሪንጁ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ጨምሮ፣ ይፈተጋል። ስዋቡ ይጣላል። አፉ ምንም ሳይነካ ይደርቃል። አይራገፍም፣ እፍ አይባልበትም፣ በጥጥ አይደረቅም። አልኮል በጥቂት ሰከንዶች ይተናል፤ ፖቪዶን አዮዲን ከሆነ ግን ሁለት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ብቻ ሲሪንጁ ይገጠማል። ማጠቢያው ገብቶ ሲሪንጁ ሲነቀል፣ መድኃኒቱ ከመከተሉ በፊት አፉ እንደገና ይፈተጋል። መድኃኒቱ አልቆ የመጨረሻው ማጠቢያ ሲመጣም ያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት እነዚህ የመሐል ፍተጋዎች ናቸው፤ «አሁን ጸድቶ የለም እንዴ» ያሰኛሉና። አልኮል ግን ከተነነ በኋላ የሚጠብቅ ነገር ትቶ አይሄድም።

አልኮሉ 70 በመቶ የሚሆነውም በምክንያት ነው። አልኮል ጀርምን የሚገድለው ፕሮቲኑን በማበላሸት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ውሃ ያስፈልገዋል። ንጹሕ አልኮል ቶሎ ይተናል፣ የሕዋሱንም ውጫዊ ክፍል አድርቆ ውስጡ ሳይደርስ ይቀራል። በ96 በመቶ ጥንካሬ የመጣ አልኮል ወደ 70 የሚወርደው 730 ሚሊ ሊትር ያህሉ ተለክቶ፣ የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እየተጨመረበት አንድ ሊትር ሲሞላ ነው። ጠርሙሱ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ ደግሞ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ስለሚተን ጥንካሬው ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ሻማ በሚበራበት ክፍል ውስጥ ከእሳት መራቅ እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። አልኮል ላይ ክሎርሄክሲዲን ሲጨመር ውጤቱ ይቆያል፤ ከተገኘ የተሻለ ነው። ባይገኝ ግን አልኮሉ ብቻውን፣ በደንብ ከተፈተገ፣ ተቀባይነት ያለው ነው።

የኢትዮጵያ ሕክምና ክፍሎች ጉዳይ እዚህ ላይ የራሱን መልክ ይይዛል። በተራ ክፍሎች በብዛት የሚታየው ኮኔክተሩ ሳይሆን ባለ ሁለት አፍ ካኑላው ነው፦ ባለ ሮዙ፣ ባለ ሰማያዊው፣ ለሕፃናት ባለ ቢጫው። ከኋላው ቱቦ የሚገባበት አፍ በቡሽ ይዘጋል፤ ከላይ ደግሞ ቀለም ያለው ትንሽ ክዳን ያለው መድኃኒት መስጫ አለ። ይህ የላይኛው አፍ ሲከፈት እንደ ኮኔክተሩ የሚፈተግ የሲሊኮን ክዳን የለውም፤ ጠባብ ጉድጓድ ስለሆነም ውስጡን መፈተግ አይቻልም። የሚቻለው ከመከፈቱ በፊት ክዳኑንና ዙሪያውን በአልኮል መፈተግ፣ ሲከፈት ጠርዙን መጥረግ፣ ንጹሕ ሲሪንጅ ብቻ ማስገባት ነው። የኋላው ቡሽ ተነቅሎ በአልጋው ጠርዝ ወይም በትሮሊው ላይ ከተቀመጠ መልሶ መግጠም አይገባም፤ አዲስ ቡሽ ያስፈልጋል። ቡሽ ርካሽ ነው፤ ሲያልቅ ግን ያው የወደቀው ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የቡሽ ክምችት የግምጃ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኢንፌክሽን መከላከል ጉዳይ ነው።

ሁለት የተለመዱ ልማዶችም እዚሁ መነሳት አለባቸው። አንዱ በብረት ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አልኮል የፈሰሰበት ጥጥ ቀኑን ሙሉ ማስቀመጥ ነው። ሁሉም እጁን ይሰድበታል፤ አልኮሉ ይተናል፤ ጥጡ ይበከላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመርፌ አሰጣጥ መመሪያ ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ ጥጡ ደረቅ ሆኖ ተቀምጦ በሚያስፈልግበት ሰዓት አልኮል ይፈስበታል። ሌላው ከአንድ የሳላይን ከረጢት ለክፍሉ በሙሉ ማጠቢያ መቅዳት ነው። መርፌው ከረጢቱ ላይ ተሰክቶ ይውላል፤ አንድ የተበከለ ሲሪንጅ ከገባ የሁሉም ሰው ማጠቢያ ይበከላል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የመስመሩን አፍ የቱንም ያህል ቢፈትጉት ጀርሙ በሲሪንጁ ውስጥ ሆኖ ይገባል። ማጠቢያ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ነው። የመድኃኒት ብልቃጥ የጎማ ክዳንም ቆርቆሮው ሲነሳ ንጹሕ ይመስላል እንጂ በአልኮል መፈተግ አለበት።

ከኢትዮጵያ ከተሞች ጎንደር ለእንዲህ ዓይነቱ የመከላከል ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1953 (እ.ኤ.አ.) በደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን ያሠለጥን ነበር፤ መከላከል የሙያው እምብርት ነው በሚል እምነት። ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሆስፒታሉም ከሰሜኑ ደጋና ከምዕራቡ ቆላ የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል።

ከእነዚህ መካከል የመስመሩ አፍ ምን ያህል እንደሚከፈት በደንብ የሚያሳየው የካላዛር ታማሚ ነው። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ በመተማ፣ በአርማጭሆና በሁመራ ቆላ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ከኤችአይቪ ጋር ሲጣመር የሚሰጠው ሕክምና በጎንደርና በአብዱራፊ በተደረገ ጥናት ተፈትኖ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ያካተተው ነው፦ ሚልቴፎሲን በአፍ ለ28 ቀን፣ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ደግሞ በደም ሥር ቀን እያለፈ 6 ጊዜ። ይህ አምፎቴሪሲን ከሳላይን ጋር አይስማማም፤ ሳላይን ከነካው ይበላሻል። ስለዚህ መስመሩ በመጀመሪያ በ5 በመቶ ግሉኮስ ይታጠባል፣ መድኃኒቱ ይገባል፣ እንደገና በግሉኮስ ይታጠባል፤ ስኳር በቱቦው ውስጥ አድሮ ለጀርም መራቢያ እንዳይሆን በመጨረሻ ሳላይን ይከተላል። አራት መግጠሚያ በአንድ ቀን፣ በ6ቱ ቀን 24። ሰውየው ነጭ የደም ሴሉ በበሽታው ወርዷል፣ መከላከያው በኤችአይቪ ተዳክሟል፤ ከቆላ የመጣውን በሽታ እያሸነፈ ሳለ በካኑላው በገባ ስታፊሎኮከስ ሊሞት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው 24ቱም ፍተጋ እንደ መድኃኒቱ መጠን ሊቆጠር ይገባል፤ አንዱን መዝለል አንድ ልክ መድኃኒት ከመዝለል አይተናነስም።

አራስ ሕፃናት ሌላው የከፋ ጉዳይ ናቸው። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተሳተፈበት፣ በ7 አገሮች የተደረገው ባርናርድስ የተባለ ጥናት ለአራስ ደም ኢንፌክሽን ዋናው መነሻ ክሌብሲየላ ኒሞኒያ እንደሆነ አሳይቷል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎችም በተለመዱት አንቲባዮቲኮች የማይበገሩ ነበሩ። ክሌብሲየላ በመታጠቢያ ገንዳ፣ በእርጥብ ዕቃና በእጅ ላይ ይኖራል። መድኃኒቱ በማይሠራበት ቦታ የቀረው መከላከያ እጅንና የመስመሩን አፍ ማጽዳት ነው።

ከትክል ድንጋይ፣ ከላይ አርማጭሆ ዋና ከተማ፣ ወደ ጎንደር በሪፈር የሚላክ ሕፃን ብዙ ጊዜ ካኑላው እዚያው ተተክሎለት ነው የሚመጣው። የመንገዱ አቧራ፣ የአምቡላንሱ መንገጫገጭ፣ ሕፃኑ የተጠቀለለበት ጋቢ ሁሉ የካኑላውን አፍ ይነካል። የተቀባይ ክፍሉ የመጀመሪያ ሥራ መስመሩ መሥራቱን በሳላይን መሞከር ሳይሆን አፉን መፈተግ መሆን አለበት፤ ሳይፈተግ የገባው ሳላይን አፉ ላይ ያለውን ሁሉ ገፍቶ ያስገባል። ካኑላው በጥድፊያ፣ ንጽሕናው ሳይጠበቅ የተተከለ ከሆነ ደግሞ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ በሌላ መቀየር ይመከራል። ስለዚህ በሪፈር ወረቀቱ ላይ የተተከለበት ሰዓትና ሁኔታ መጻፉ ለተቀባዩ ትልቅ ነገር ነው።

ውሃም የራሱ ጣጣ አለው። የጎንደር የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ከተማዋ በውሃ እጥረት መቸገሯ የታወቀ ነው፤ ቧንቧ በሚደርቅበት ቀን እጅን በአልኮል ማሸት አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ በአገር ውስጥ አልኮል የእጅ ሳኒታይዘር በስፋት መመረቱ ነገሩ የሚቻል መሆኑን አሳይቷል፤ እንደ ፊንጫና መተሐራ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኤታኖል ያወጣሉ።

አስታማሚ በአልጋው ዙሪያ ከማንም በላይ ብዙ ሰዓት ያሳልፋል። ግሉኮሱ ሲያልቅ ቱቦውን የሚነቅል፣ የተላቀቀውን ቡሽ አንስቶ የሚመልስ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በደግ ልብ የሚደረግ ነውና በቁጣ አይመለስም፤ «ሲያልቅ ጥሩን እንጂ አይንኩት» የሚል ቃል ካኑላው በተተከለበት ሰዓት ቢነገር ይበቃል። ጠበል የሚጠመቅ ወይም የሚረጭ በሽተኛ ካለም መከልከል ሳይሆን ካኑላው ያለበት እጅ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከውሃው እንዲርቅ ማድረግ ይቻላል፤ አፉ ከራሰ ደግሞ ከመጠቀም በፊት ይፈተጋል።

ማያያዣው ራሱ እስከ መቼ ይቆያል ለሚለው፣ ቶሎ ቶሎ መቀያየር ጥቅም የለውም፤ እያንዳንዱ ቅያሪ አዲስ መክፈቻ ነው። ከ96 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሳያስፈልግ አይቀየርም። ውስጡ ደም ከታየ፣ ከተነቀለ ወይም ከቆሸሸ ግን ወዲያው ይቀየራል። ደም ወይም ቅባት ያለው የደም ሥር ምግብ ያለፈበት ቱቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለወጣል። አቅም ባላቸው ሆስፒታሎች በአልኮል የተነከረ ስፖንጅ ያለው ክዳን በማያያዣው ላይ ተገጥሞ ይቆያል፤ ክዳኑ በተነሳ ቁጥር አዲስ ያስፈልገዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መስመሩን ማውጣት ነው። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የሚሺጋን ጥናት በ103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የማዕከላዊ ካቴተር ኢንፌክሽንን በእጅጉ የቀነሰው በ5 ቀላል ነገሮች ነው፤ ከእነርሱ አንዱ የማያስፈልግን ካቴተር መንቀል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ስለ እጅ ካኑላዎች ያወጣው መመሪያም በየቀኑ «ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ተብሎ እንዲጠየቅ የሚያሳስብ ነው። መዋጥ የቻለ ታማሚ ወደ ክኒን ይዛወር፤ «ምናልባት ካስፈለገ» ተብሎ የሚቆይ ካኑላ የጀርም በር ሆኖ ነው የሚቆየው።

ካኑላው ያለበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ሲነካ ካመመ ወይም ሌላ ምክንያት የሌለው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ በተለይም መድኃኒት በመስመሩ ከገባ በኋላ ወዲያው ከሆነ፣ መስመሩ መጠርጠር አለበት። የእጅ ካኑላ ይነቀላል። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደም ለካልቸር ይወሰዳል፤ ቆዳውም ሆነ የካልቸር ጠርሙሱ ክዳን በአልኮል ይፈተጋል፣ አለበለዚያ የሚበቅለው የቆዳው ጀርም ይሆናል። ካኑላው ከወጣ በኋላም ደም ሥሩ እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሊቆጣ ስለሚችል፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ትክል ድንጋይ ወይም ወደ ሳንጃ የሚመለስ ሰው በእነዚያ ሁለት ቀናት እጁ ላይ መቅላት፣ እብጠት ወይም ትኩሳት ቢያይ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ከመውጣቱ በፊት ይነገረዋል።